ሁለት ወርቆች መሃል መስመር ልሳል ወይስ ልሰርዝ?

ክሪስታል_ለቃሚ

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ጨንቆኝ መጣሁ።

የማስተርስ ጽሑፌን እየጨረስኩ ነው። የሠራሁት ውህድ ቀላል ነው። መሃል ላይ አንድ ወርቅ፣ በአንድ በኩል ክሎሪን፣ በሌላ በኩል ትንሽዬ ፎስፊን (ፎስፎረስ ያለበት ሞለኪውል)። ሞለኪውሉ ቀጥ ያለ ዱላ ይመስላል። የወርቁ ኦክሲዴሽን ቁጥር አንድ ነው፤ አንድ ኤሌክትሮን ሰጥቷል፣ "ወርቅ አንድ" የምንለው። ክሪስታሉ አድጎልኝ ኤክስሬይ ላይ ወጣ። መዋቅሩ ሲገኝ ግን ዱላዎቹ ለየብቻ አልቆሙም። ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረዋል። አንዱ በሌላው ላይ እንደ መስቀል ተሻግሯል፣ ወርቅ ከወርቅ ፊት ለፊት። ርቀታቸው 3.09 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)።

ፕሮግራሙ በሁለቱ ወርቆች መሃል መስመር ስሎበታል። ደስ ብሎኝ ሥዕሉን እንዳለ ጽሑፉ ውስጥ ከተትኩት። አማካሪዬ አዩና "ይሄ ምንድን ነው? ሰርዢው" አሉኝ። ምክንያታቸው አጭር ነው። የወርቅ አንድ 5ዲ ኦርቢታሎች (የኤሌክትሮን ማደሪያዎች) በ10 ኤሌክትሮን ሞልተዋል። 6ኤስ ባዶ ነው። ለቦንድ የሚያዋጣው ኤሌክትሮን የለም። በዚያ ላይ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው። ታዲያ በምን ይተሳሰራሉ?

መልስ አጣሁ። ግን ንጹሕ ወርቅ ውስጥ እንኳ ጎረቤታም አቶሞች 2.88 አንግስትሮም ይራራቃሉ። የእኔ 3.09 ከዚያ ብዙ አልራቀም። ልሰርዝ ወይስ ልተው?

---

ሞል_በሞል

ሰርዢው። አማካሪሽ ልክ ናቸው። ክሪስታል ውስጥ ሞለኪውሎች ተጨናንቀው ነው የሚቀመጡት። ሰው ጎረቤቱ ስለተጠጋ ብቻ ዘመዱ አይሆንም።

---

ጋሼ_ቢከር

ቀስ በሉ ልጆች። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል።

መጀመሪያ ስለ መስመሩ። መስመሩን የሳለው ፕሮግራሙ ነው፣ ወርቁ አይደለም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው መደመር ብቻ ነው። የሁለቱን አቶሞች ራዲየስ ይደምራል፣ ትንሽ መቻቻያ ይጨምርበታል፣ ርቀቱ ከዚያ ካነሰ መስመር ያሰምራል። መቻቻያውን ብትቀንሺው መስመሩ ይጠፋል። ስለዚህ "ፕሮግራሙ ነው የሳለው" ብለሽ አማካሪሽ ፊት ብትቆሚ አታሸንፊም።

"ተጨናንቀው ነው" የሚለውም ግን አያስኬድም። መጨናነቅ ቢሆን ኖሮ ወርቁ ማን ፊት እንደሚቀመጥ ዕጣ ነበር የሚወስነው። አንዴ ክሎሪን፣ አንዴ ሃይድሮጅን፣ አንዴ ወርቅ ይደርሰው ነበር። የወርቅ አንድ ውህዶች መዋቅር ተሰብስቦ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ወጣ። ሊጋንዱ (ወርቁ ላይ የተያያዘው ክፍል) ቦታ እስከሰጠ ድረስ ወርቅ ወርቅን ፈልጎ ያገኛል። ርቀቱም ደጋግሞ 3 አንግስትሮም አካባቢ ይሆናል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሁበርት ሽሚድባወር ለዚህ ጠባይ ስም አወጣለት፤ ኦሮፊሊሲቲ። ወርቅ ወዳድነት ማለት ነው።

እኔን ያሳመነኝ የካርቦኑ ነገር ነው። ካርቦን ከአራት ጎረቤት በላይ አይወድም ተብለን ነው ያደግነው። የሽሚድባወር ቡድን በ1988 አንድ ካርቦን በ6 ወርቅ ተከቦ የተቀመጠበትን አዮን አወጣ። እያንዳንዱ ወርቅ ጀርባው ላይ ትሪፊኒልፎስፊን የሚባል ትልቅ ሸክም አለው። የአዮኑ ጠቅላላ ቻርጅ ሁለት ፖዘቲቭ ነው። ወረቀት ላይ ብታዪው ተገፋፍቶ መበተን ያለበት ነገር ነው። አልተበተነም። ስድስቱ ወርቆች 3 አንግስትሮም ገደማ ተቀራርበው ካርቦኑን መሃል አስገቡት። እስቲ ሞል_በሞል፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ማን ጠራቸው?

---

ሰምና_ወርቅ

ሰሙ፦ ኦርቢታሉ ሞልቷል፣ በሩ ዝግ ነው።
ወርቁ፦ ወርቁ።

ይቅርታ፣ ቀጥሉ።

---

ሞል_በሞል

ጋሼ፣ ካርቦኑን እቀበላለሁ። ግን እዚያ ስድስቱም ወርቅ አንድ ካርቦን ላይ ታስረዋል። መቀራረብ ግዳቸው ነው። የእሷ ጉዳይ ሌላ ነው፣ የሚያስራቸው የለም።

ሌላም አለኝ። ሰው ሁሉ "ከቫን ደር ዋልስ ድምር ስላነሰ ቦንድ ነው" ይላል። ያ ድምር፣ ማለትም ሳይተሳሰሩ የሚነካኩ የሁለት አቶሞች ራዲየስ ድምር፣ 3.32 ነው፤ የቦንዲ የ1964 ሠንጠረዥ ለወርቅ 1.66 ስለሰጠ። ሳንቲያጎ አልቫሬዝ በ2013 በጣም ብዙ የክሪስታል መረጃ ቆጥሮ ለወርቅ 2.32 ነው ያወጣው። ድምሩ 4.64 ሆነ ማለት ነው። በዚያ ከሄድን ግማሹ የወርቅ ኬሚስትሪ "ቦንድ" ሊባል ነው። ራዲየስ እንደ ላስቲክ ከተሳበ ማስረጃ አይሆንም።

---

ጋሼ_ቢከር

ስለ ራዲየሱ ልክ ነህ። እኔም ተማሪ ሲጽፈው ቀይ እስክሪብቶ አነሳለሁ። ርቀት ብቻውን ምስክር አይሆንም።

"የሚያስራቸው የለም" ያልከው ግን ለእሷ ነው የሚያደላው። ድልድይ ቢኖር ኖሮ "ድልድዩ ነው ያቀራረባቸው" ትል ነበር። ድልድይ የለም። ሆኖም ተጠጉ።

ጉልበቱም ተለክቷል። ሁለት ወርቅ ጫፍና ጫፉ ላይ የያዘ ተጣጣፊ ሞለኪውል ወስደህ ኤንኤምአር (የሞለኪውልን ቅርጽ በማግኔት የሚያይ መሣሪያ) ውስጥ ታቀዘቅዘዋለህ። ሲሞቅ ይከፈታል ይዘጋል፣ ሲቀዘቅዝ ወርቅ ከወርቅ ተጣብቆ ይቀራል። መክፈቻው ስንት እንደሚፈጅ ከዚያ ይሰላል። የሚወጣው ከ30 እስከ 50 ኪሎጁል በሞል አካባቢ ነው። ጥሩ ከሚባል የሃይድሮጅን ትስስር ጋር ይተካከላል። የሃይድሮጅን ትስስርን በነጠብጣብ መስመር ስትስሉ ማንም "ሰርዙት" ብሏችሁ አያውቅም።

---

ክሪስታል_ለቃሚ

እሺ ጋሼ፣ መሳሳቡ አለ እንበል። የአማካሪዬ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ኤሌክትሮን ከየት መጣ?

---

ቁጥር_አሳዳጅ

ይሄ የእኔ ሰፈር ነው፤ ስሌት ላይ ነው የምውለው።

ከየትም አልመጣም። መዋጮ የለም። አማካሪሽ የሚያስቡት ሁለቱም አንድ አንድ ኤሌክትሮን አውጥተው የሚጋሩትን ቦንድ ነው። እሱ እዚህ የለም፣ እውነታቸውን ነው። ግን ሞልተው የተዘጉ አቶሞችም ይሳሳባሉ። አርጎን በቅዝቃዜ ፈሳሽ የሚሆነው በዚህ ነው። የአንዱ ኤሌክትሮን ደመና ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል የሌላው ተከትሎ ያጋድላል። ዲስፐርሽን የምንለው ነው። የወርቅ 5ዲ ደመና ደግሞ ትልቅና ለስላሳ ነው፣ በቀላሉ ያጋድላል።

ሄልሲንኪ የነበረው ፔካ ፒዩኮ በ1990ዎቹ ያሰላው ሞዴል ያንቺን ውህድ ቁርጥ ነው። ክሎሪን፣ ወርቅ፣ ፎስፊን፤ ሁለቱ በ90 ዲግሪ የተሻገሩ። በመስቀል ያስቀመጣቸው አስቦበት ነው። እንደዚያ ሲሆኑ የአንዱ ሞለኪውል ፖዘቲቭ ጫፍ የሌላውን ኔጋቲቭ ጫፍ መሳቡ ይሰረዛል። የሚቀረው የወርቅና የወርቅ ጉዳይ ብቻ ነው። ሃርትሪ–ፎክ በሚባለው የስሌት ዘዴ ሲሰላ ሁለቱ ይገፋፋሉ። ሃርትሪ–ፎክ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሌሎቹን አማካይ ብቻ እንዲያይ ነው የሚፈቅድለት። ኤሌክትሮኖቹ አንዱ ሌላውን እያየ እንዲሸሽ በር ሲከፈትላቸው ግን መገፋፋቱ ወደ መሳሳብ ይገለበጣል። ርቀቱም 3 አንግስትሮም አካባቢ ይቆማል። ስለዚህ ለ"ከየት መጣ" መልሱ "ከመተያየት" ነው።

ለሚያሰላ ሰው አንድ ምክር። የዲስፐርሽን ማስተካከያ የሌለው ዲኤፍቲ (ሌላ የስሌት ዘዴ) አትጠቀሙ። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን እንደዚያ አስሮጬ ወርቆቹ ሸሹብኝ። ሁለት ሳምንት ግቤቱ ተሳስቷል ብዬ ፋይል ሳገላብጥ ነበር። ኤምፒ2 የሚባለው ዘዴ ደግሞ በተቃራኒው ያጋንናል፣ ከሚገባው በላይ ያቀራርባቸዋል።

---

ብርቱካናማ_ቫያል

ጥያቄ ከኋላ ወንበር። ለምን ወርቅ? ብርና መዳብም ዲ10 (ዲ ኦርቢታላቸው በ10 ኤሌክትሮን የሞላ) ናቸው እኮ። የአንስታይን ነገር ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

---

ቁጥር_አሳዳጅ

ቀልድ አይደለም። ግን ይጋነናል።

ወርቅ 79 ፕሮቶን አለው። የመጀመሪያው ቅርፊት ኤሌክትሮን ፍጥነት በግምት 79 ሲካፈል ለ137 ነው፣ ማለትም ከብርሃን ፍጥነት 58 በመቶ ገደማ። በዚህ ፍጥነት አንፃራዊነት ይገባል። የኤስ ኦርቢታሎች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ 6ኤስም ጭምር። 6ኤስ ጠቦ ኒውክለሱን ሲሸፍን 5ዲ ደግሞ ስቡ ላላ ይልለትና ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለቱ በጉልበት ይቀራረባሉ። ወርቅ ሰማያዊ ብርሃንን ውጦ ቢጫ የሚሆነውም በዚሁ ነው። ብር ላይ ይሄ ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ብር ነጭ ነው።

ውጤቱን በራዲየስም ታየዋለህ። ወርቅ ከብር አንድ ረድፍ በታች ነው፣ መተለቅ ነበረበት። ተመሳሳይ ሊጋንድ የያዙ የወርቅ አንድና የብር አንድ ውህዶች በ1996 ጎን ለጎን ሲለኩ ወርቁ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ 1.25 አንግስትሮም ለወርቅ፣ 1.33 ለብር። 

አንዳንዱ ግን ይሄን ይዞ "ሙጫው አንፃራዊነት ነው" ይላል። አይደለም። ሙጫው ዲስፐርሽን ነው። አንፃራዊነት ያጠብቀዋል። ብርና መዳብም ይሳሳባሉ፣ የነሱ ደከም ይላል እንጂ።

---

ድርብ_ክሎሪን

እኔ የምጨምረው ሰው "የወርቅና የወርቅ ቦንድ" ሲል የትኛውን እንደሆነ ይለይ። ሦስት ነገር ተደበላልቋል።

ጋዝ ውስጥ ሁለት የወርቅ አቶሞች ብቻቸውን ሲገናኙ እውነተኛ ኮቫለንት ቦንድ ይሠራሉ። ርቀቱ 2.47 አንግስትሮም ነው። ለመለያየት 220 ኪሎጁል በሞል ገደማ ይፈልጋል። እዚያ አማካሪሽ የሚሉት መዋጮ አለ፣ የሁለቱ 6ኤስ ኤሌክትሮኖች።

ሁለተኛው፣ ወርቅ ሁለት (ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠ ወርቅ) ነው። ይሄ ነው የሚጥመኝ፣ ትንሽ ልቆይበት። ሁለት ወርቅ አንድ ቀለበት ውስጥ አለ እንበል። ሁለት ድልድዮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ካርቦን፣ ፎስፎረስ፣ ካርቦን። ሁለቱም ወርቅ አንድ ናቸው። ርቀታቸው 3 አንግስትሮም ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አሁን ክሎሪን ትሰጫቸዋለሽ። አንድ ክሎሪን በግራ ወርቅ ጀርባ፣ አንድ በቀኝ ወርቅ ጀርባ ይለጠፋል። ሁለቱም ወርቅ ከየራሳቸው አንድ ኤሌክትሮን ከፍለዋል፣ ዲ9 ሆነዋል። የቀረውን ብቸኛ ኤሌክትሮን እርስ በርስ ይጋሩታል። ርቀቱ ወርዶ 2.6 ይሆናል። ቀለበቱ ያው ነው፣ ድልድዩ ያው ነው፣ መሃሉ ላይ ቦንድ ተወለደ። ክሎሪን ብትጨምሪ ደግሞ ሁለቱም ወርቅ ሦስት ይሆናሉ፣ የሚጋሩት ያልቃል፣ ርቀቱ ተመልሶ ከ3 ያልፋል። እንደ አኮርዲዮን ነው። ቀለበቱ ሲጠብና ሲሰፋ ቦንዱ መቼ እንደመጣና መቼ እንደሄደ ታያለሽ።

ሦስተኛው ያንቺ ነው።

---

ብርቱካናማ_ቫያል

የወርቅ ክሎራይድስ? ወርቅ ሦስት ክሎራይድ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚገኘው ይላሉ። እዚያም ቦንድ አለ?

---

ድርብ_ክሎሪን

የለም። እዚያ የሚያያይዛቸው መሃል ላይ ያሉት ሁለት ክሎሪኖች ናቸው፣ ወርቅ ወርቅን አልያዘም። "ሁለት ስለሆኑ ተሳስረዋል" ብሎ መደምደም የሚያሳስተው እንዲህ ነው።

በፎርሙላም አትሸወድ። ሲዚየም ወርቅ ክሎራይድ፣ አንድ ሲዚየም አንድ ወርቅ ሦስት ክሎሪን፣ ስትቆጥረው ወርቅ ሁለት ይመስላል። አይደለም። ግማሹ ወርቅ አንድ፣ ግማሹ ወርቅ ሦስት ነው፣ ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ወርቅ ሁለት ብቻውን መኖር አይወድም። ወይ ይከፈላል፣ ወይ አቻውን ይዞ ይጣመራል።

---

ጋሼ_ቢከር

ልጄ፣ እስካሁን ያወራነው ሁሉ ወረቀት ነው። ዱቄቱ እጅሽ ላይ ነው አይደል? ዩቪ መብራት ስር አስገቢው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ወርቆቹ ሲጠጋጉ ኦርቢታሎቻቸው ይነካካሉ፣ የሞላውና የባዶው ክፍተት ይጠባል። ብዙ ጊዜ በሚታይ ቀለም ያበራሉ። ሲራራቁ ይጠፋል ወይም ቀለሙ ይቀየራል። ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች በ2008 ያወጡት የወርቅ ውህድ አለ። ዩቪ ስር ሰማያዊ ያበራል። ሙቀጫ ውስጥ ሲፈጭ ቢጫ ይሆናል። ማሟሟያ ጠብ ሲደረግበት ወደ ሰማያዊ ይመለሳል። ውህዱ አልተቀየረም፣ አቀማመጡ ነው የተቀየረው።

ሦስት ነገር አድርጊ። ደረቁን እዪ። አሟሙተሽ እዪ። ፈጭተሽ እዪ።

---

ሞል_በሞል

ያበራ ሁሉ ወርቅ አይደለም ጋሼ 😄 ፊኒል (የካርቦን ቀለበት) ያለበት ፎስፊን በራሱ ያበራል። መጀመሪያ ሊጋንዱን ብቻውን ትፈትሽ።

---

ክሪስታል_ለቃሚ

የእኔ ፎስፊን ላይ ሦስት ሜቲል ብቻ ነው ያለው። ቀለበት የለውም። ነገ እሞክራለሁ።

---

ክሪስታል_ለቃሚ

ሞከርኩ!!

መብራቱ 365 ናኖሜትር ነው። ክፍሉን አጨለምኩ። ደረቁ ክሪስታል በቀን ብርሃን ነጭ ነው፣ ጨው ይመስላል። ዩቪ ስር አረንጓዴ አበራ። ደማቅ አይደለም፣ ግን ምንም አያጠራጥርም። ያለ ወርቅ የሠራሁት የፎስፊን ጨው አጠገቡ ነበር፣ ጨለማ ነው።

ከዚያ ትንሽ ቆንጥሬ ዳይክሎሮሜቴን በሚባል ማሟሟያ ውስጥ አሟሟሁት። ውሃ መሰለ። ዩቪ ስር ምንም የለም። ሞለኪውሎቹ ተለያይተው ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሙቀጫው። አጌት ሙቀጫ ውስጥ አድርጌ መብራቱን ከላይ ይዤ ፈጨሁት። እየላመ ሲሄድ አረንጓዴው እየደበዘዘ ሄደ። ዘነዘናው ባለፈበት ቦታ ጥቁር መንገድ ይቀራል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግርጌው ላይ ድብዝዝ ያለ ቢጫማ ነገር ብቻ ቀረ። እውነት ለመናገር አበላሸሁት ብዬ ደነገጥኩ። አንድ ጠብታ ዳይክሎሮሜቴን ጣልኩበት። ጠብታው ከጠርዙ ነው መድረቅ የሚጀምረው። አረንጓዴውም ከጠርዙ ተመለሰ። መጀመሪያ ቀጭን ቀለበት፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ መሃል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

---

ሰምና_ወርቅ

ቪዲዮ ቀርጸሻል በይኝ።

---

ክሪስታል_ለቃሚ

አንድ እጄ መብራት፣ አንድ እጄ ዘነዘና ነበር። ነገ ሰው እጠራለሁ።

---

ሞል_በሞል

እሺ፣ ተረታሁ። በግማሽ። ስትፈጪው የጠፋው ክሪስታልነቱ ነው። ክሪስታልነት ሲጠፋ ብርሃን የሚደበዝዝበት ምክንያት ሌላም ሊሆን ይችላል። የተፈጨውን ዱቄት በኤክስሬይ ዲፍራክሽን እዪው። ፒኮቹ ሰፍተው ወይም ጠፍተው ከሆነ ታሪኩ ይገጥማል።

ደግሞ ማወዳደሪያ ይኑርሽ። ትሪፊኒልፎስፊን ያለበትን የወርቅ ክሎራይድ ፈትሺ። እሱ ሊጋንዱ ወፍራም ስለሆነ ወርቆቹ አይደራረሱም። ያው ክሎሪን፣ ያው ወርቅ፣ ግን ብቸኛ።

---

ብርቱካናማ_ቫያል

በብር ብትተካውስ? ያው ሊጋንድ፣ ያው ክሎሪን።

---

ድርብ_ክሎሪን

አይወዳደርም። ብር ክሎሪኑን ድልድይ ያደርገዋል፣ አራት አራት ሆነው ይከማቻሉ። የብርና የብሩን መሳሳብ ከክሎሪኑ ሥራ መለየት ራስ ምታት ነው። ወርቅ አንድ በሁለት ጎረቤት ረክቶ ቁጭ የሚል ስለሆነ ነው ይሄ ነገር እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታየው።

---

ክሪስታል_ለቃሚ

አማካሪዬ ጋ ገባሁ። ሙቀጫውን ይዤ ነው የገባሁት፣ ወረቀት አልያዝኩም። መብራቱን አጥፍተን ፈጨሁላቸው። ዝም ብለው አዩ። ጠብታውን ራሳቸው ጣሉት።

ከዚያ "ኮቫለንት ቦንድ ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ?" አሉኝ። አልጽፍም አልኳቸው፤ ዲ10 ከዲ10፣ የሚጋሩት ኤሌክትሮን የለም፣ ዲስፐርሽን ነው፣ አንፃራዊነት ያጠብቀዋል። የቁጥር_አሳዳጅን ቃል ነው የሸመደድኩት፣ አመሰግናለሁ። "እንግዲያው ሙሉውን መስመር አንሺውና ነጠብጣብ አድርጊው። ርቀቱን አጠገቡ ጻፊ" አሉኝ። ዲፍራክሽኑ ለሐሙስ ተይዟል።

---

ጋሼ_ቢከር

ጎሽ! መነጽር ግን አድርጋችሁ ነበር? ዩቪ ዓይን ይጎዳል።

---

ክሪስታል_ለቃሚ

እኔ አድርጌያለሁ። እሳቸው የማንበቢያቸውን ነበር ያደረጉት።

---

ሞል_በሞል

ርቀቱን ስትጽፊ 3.09 ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው። የስህተቱን መጠን በቅንፍ አስገቢ። ገምጋሚው እኔ ከሆንኩ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።